ቲቸርን ጠይቁ፦ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች ከሃዲ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከዚሁ ከጎንደር የተላኩ ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ቅርጫት ኳስ ነው የሚጠይቁት። የመጀመሪያው ላይ ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ88 ነው። ለትምህርት ቤታችን ቡድን ፎርዋርድ ሆኜ እጫወታለሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት "ክፍያ የለብህም፤ ጫማና ትጥቅም እንሰጥሃለን፤ ለእኛ ተጫወት" ብሎኛል። አሰልጣኜ ሲሰማ "አሳድጌህ ልትከዳኝ ነው?" አለኝ። አባቴ ደግሞ "ቤት የሚቀያይር ሰው አንዱም ጋ አይበረክትም" ይላል። እኔ ግን የሌከርስ ቡድን የመረጠውን ዳልተን ከኔክትን አያለሁ። ሦስት ኮሌጅ ቀያይሮ ነው የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤንቢኤ የገባው። እሱ ነው ትክክል ወይስ አባቴ?

ግራ የገባው ፎርዋርድ፣ ከአዘዞ

መልስ፦

ልጄ፣ የከኔክትን መሄድ አይተሃል። መቆየቱን ግን ዘለኸዋል። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ልጁ ያደገው በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ ጎን ባለችው ቶርንተን ነው። ዴንቨር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት ይባላል፤ 1,600 ሜትር ገደማ ነው ከፍታዋ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በሳንባ በኩል አንተ እንደማታንስ ልብ በል። በፈረንጆች 2019 ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ከዋናው የኮሌጅ ዲቪዚዮን አንድም ትምህርት ቤት "ና" አላለውም። በዚያ ዲቪዚዮን ውስጥ ከ350 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከዚያ ሁሉ አንድም!

ስለዚህ ስተርሊንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። በሰሜን ምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ላይ ያለች የገበሬ ከተማ ናት። እዚያ ኖርዝኢስተርን የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ አለ። ሁለቱን ዓመት እዚያ ተጫወተ። በሁለተኛው ዓመት በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ በየጨዋታው ያስቆጥር ነበር። ያኔ ነው ኖርዘርን ኮሎራዶ የተባለው ዩኒቨርሲቲ የወሰደው። ይሄም ቢሆን ታላቅ ስም ያለው ቡድን አይደለም። ሜዳው ሦስት ሺህ ሰው ገደማ ነው የሚይዘው።

አሁን የምነግርህን ደጋግመህ አንብበው። ኖርዘርን ኮሎራዶ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ያስቆጠረው አማካይ ነጥብ 8.9 ነው። ሁለት ዓመት ለፍቶ መጥቶ ስምንት ነጥብ ምናምን። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ የማውቃቸው ልጆች ብዙዎቹ "አሰልጣኙ አይወደኝም" ብለው መሸኛ ይጠይቃሉ። እሱ አልሄደም። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ሆኖ 20.2 አስገባ። ከሊጋቸው አንደኛ አስቆጣሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ቴነሲ የሄደው። በ2023 ማለት ነው። የቴነሲ አዳራሽ ከ20 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። አሰልጣኙ ሪክ ባርንስ ነው፤ ቀደም ሲል ቴክሳስ እያለ ኬቨን ዱራንትን ያሰለጠነው ሰው። የባርንስ ቡድኖች የሚታወቁት በመከላከል ነው። ቴነሲ መከላከሉ ነበረው፤ ሲጨንቅ ኳሷን ተቀብሎ የሚያስገባ ሰው ግን ያስፈልገው ነበር። ከኔክት ማስገባቱ ነበረው፤ በትልቅ ሜዳ በትልልቅ ቡድኖች ፊት መፈተን ቀርቶት ነበር። ሁለቱም የጎደላቸውን አገኙ። እንዲህ ያለ መቀየር ደስ ይለኛል።

እዚያ በአንድ ዓመት የሠራውን ታውቀዋለህ። በአማካይ 21.7 ነጥብ። የሊጉ ኮከብ ተጫዋች። ቡድኑ የመደበኛውን ወቅት ዋንጫ ወሰደ። እኔን የያዘኝ ግን የተሸነፈባቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ኅዳር 2023 ላይ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በሰው ሜዳ 37 አስቆጥሮ ተሸነፉ፤ 100 ለ92። መጋቢት 31 ቀን 2024 ደግሞ ዲትሮይት ላይ፣ ከአገሪቱ ኮሌጆች የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ለመግባት ከፐርዱ ጋር ተገናኙ። አሁንም 37 አስቆጠረ። ከወዲያ በኩል ያ 2 ሜትር ከ24 የሆነው ዛክ ኢዲ 40 አስገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ከኔክት ወደ ቀለበቱ ሰብሮ ገባ። ኢዲ ከላይ ሆኖ ዘጋበት። 72 ለ66 አለቀ፤ የኮሌጅ ሕይወቱም እዚያው አለቀ።

ከሦስት ወር በኋላ በኤንቢኤ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ ሌከርስ 17ኛ አድርጎ መረጠው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 2017፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ከፍቼ ከዩታ ጋር ሲጫወት አየሁት። ዘጠኝ ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ አስገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ጨዋታ ከዚያ በላይ ያስገባ ጀማሪ ተጫዋች አልነበረም። ድምሩ ስንት መሰለህ? 37። ሦስተኛው 37 ነው፤ በዚህኛው አሸነፉ። ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ አልቆጨኝም።

እጁን ሳይሆን እግሩን እይልኝ። ኳሷ ገና በአየር ላይ እያለች እግሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጉልበቱ ታጥፏል። ኳሷ እጁ ስትገባ ወደ ታች አያወርዳትም፤ ከደረሰችበት ወደ ላይ ነው። ለዚህ ነው ተከላካዩ የሚዘገየው። ይሄ በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። ስተርሊንግ ያለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አባትህ። አባትህ ያሉትን አልንቅም። ነገር ግን እኛ አገር ቤት መቀየር ነውር ሆኖ አያውቅም። እንዴት እንደሚቀየር ግን ሥርዓት ነበረው። የእኔ አባት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ነው የተማሩት። ቅኔውን ጎጃም ጎንጅ ተቀመጡበት። ለድጓው ጋይንት ቤተልሔም ሄዱ። ለአቋቋሙ እዚህ ጎንደር በአታ መጡ፤ በዚያው ቀሩ። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ ዙር አምባ ይወጣል። አንድ ቤት ሁሉን አያስተምርም። ምስክር የሆነው ቤት የተለያየ ነው። ስለዚህ ተማሪ ይሄዳል፤ መሄድ አለበት።

አባቴ ግን አንድ ነገር ይሉ ነበር። የኔታ ሳይመርቁት የሄደ ተማሪ፣ አዲሱ ቤት ሲደርስ "ከማን ነህ? ምን ላይ ደረስክ?" ሲባል አንገቱን ይደፋል። ተመርቆ የሄደ ግን "ከእገሌ ነኝ፤ ይሄን ጨርሻለሁ፤ ይሄን ፈልጌ መጣሁ" ይላል። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ናቸው። አንተም እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ሦስተኛው ላይ "ጫማ ፈልጌ መጣሁ" ብለህ ከጻፍክ አትሂድ። ጫማ ሲያልቅ ያልቃል።

ስለ አሰልጣኝህም ልንገርህ፤ ምክንያቱም እኔ እሱን ነበርኩ። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ስፖርት መምህር ሆኜ የማሰለጥንበት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ረጅም፣ እጀ ለስላሳ ልጅ ነበረኝ። ከሌላ ከተማ ጠየቁት፤ ማደሪያም ሊሰጡት ነበር። መሸኛ ሊያጽፍ ሲመጣ እኔ ዘንድ ተላከ፤ ትጥቅ መመለሱን የምፈርመው እኔ ነኝ። አንድ ማልያ ጎድሏል አልኩት። አምጥቶ ሰጠኝ። ዛሬ ማህተም ያዡ የለም አልኩት። ነገ ና፣ ሰኞ ና። ሁለት ሳምንት አመላለስኩት። የምዝገባው ቀን አለፈ። እወደዋለሁ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ይሄንን እውነት አድርጌ ራሴን አሳምኜ ነበር። ልጁ በዚያ ዓመት መጫወት አቆመ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ፒያሳ ካገኘኝ "ቲቸር ይግቡ" ብሎ ያስገባኛል፤ ብር አይቀበለኝም። ከዚያ ባጃጅ በወረድኩ ቁጥር ያቺ ማልያ ትታየኛለች። አሰልጣኝህ እንዲህ ዓይነት ዕዳ እንዲይዝ አልፈልግም። ሂድና ቁጭ ብለህ አነጋግረው። ስልክ ደውለህ አይደለም፤ ፊት ለፊት።

በአሜሪካም እንደ እኔ ያለ ሰው ሞልቶ ነበር። ድሮ ተጫዋቹ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ለመነጋገር የራሱን ትምህርት ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ እንቢ ሊሉት ይችላሉ። በፈረንጆች ጥቅምት 2018 አሠራሩ ተቀየረ። ተጫዋቹ ስሙን በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ያስገባል፤ ማንም አይከለክለውም። ያም ሆኖ ከሄደ በኋላ አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። በ2021 ያ ቅጣት ለአንድ ጊዜ ቅያሬ ተነሳ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱ ካልተበላሸ ስንት ጊዜም ቢቀይር እንዲጫወት ተፈቀደ። የመከልከሉ መቅረት ትክክል ነው። ገንዘቡ የገባበት መንገድ ግን ያሳስበኛል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲከፈላቸው ተፈቀደ፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። አሁን በየዓመቱ የሚዘዋወር ልጅ በዝቷል። አራት ዓመት፣ አራት ማልያ። ከየቤቱ ምን እንደያዘ ጠይቀው፤ የሚመልስልህ አይመስለኝም። ከኔክትን ከእነዚህ ጋር አትደባልቀው። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዓመት ነው የእሱ።

ደግሞ አንድ ቀን መቀየሩ በአንተ እጅ አይሆንም። የካቲት 2025 ላይ ሌከርስ ከኔክትን ለሻርሎት ቡድን ሰጠው፤ በምትኩ ማርክ ዊሊያምስ የሚባል ረጅም ተጫዋች ሊወስድ። ልጁን ማንም "ትሄዳለህ ወይ?" አላለውም። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያኛው በሕክምና ምርመራ ወደቀ፤ ልውውጡ ተሰረዘ። ከኔክት ተመልሶ ያንኑ ማልያ ለበሰ። የሰጡት ሰዎች ፊት ቆሞ እንደገና ልምምድ ጀመረ። ይሄን ያህል ከባድ ነው ደሞዝተኛ መሆን። አሁን ምርጫው በእጅህ እያለ በደንብ ተጠቀምበት።

ስለ አንተ ጉዳይ የምለው ይሄ ነው። 11ኛ ክፍልን እዚያው አዘዞ ጨርስ። ዓመቱ መሀል ላይ አትሂድ። 12ኛ ክፍል ላይ ያለውን ነገር ታውቀዋለህ፤ ባለፉት ዓመታት ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈው ከመቶው ተማሪ አሥር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፒያሳ ያለውን ትምህርት ቤት ስለ ሜዳው ሳይሆን ስለ ሒሳብና ፊዚክስ መምህራኑ ጠይቅ። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ አሳለፉ? ቤተ ሙከራ አላቸው? ከልምምድ በኋላ ከመሸ አዘዞ የሚመልስህ ሚኒባስ ታገኛለህ? ብትጎዳና መጫወት ባትችል ነፃ ትምህርቱ ይቀጥላል? ይሄን የመጨረሻውን በጽሑፍ አድርገው ማህተም ያድርጉበት። አባትህን ይዘሃቸው ሂድ። አብረው ገብተው ቢጠይቁ ትምህርት ቤቱ አንተን ያከብርሃል። መልሱ ጥሩ ከሆነ በክረምት መሸኛህን ያዝ፤ ማልያህን አጥበህ መልስ፤ አሰልጣኝህን አመስግነህ ሂድ። ከሆነለት ምርቃት ይጨምርልሃል።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የቀበሌ 18 ነዋሪ ነኝ። ልጄ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፤ ትምህርቷም ጥሩ ነው። አንድ ሰው "አሜሪካ ኮሌጅ በኳስ ነፃ ትምህርት አስገኝላታለሁ፤ ቅድሚያ ብር ያስገቡልኝ" እያለኝ ነው። ልክፈል?

እናት፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦

እናቴ፣ አይክፈሉ። እባክዎ።

እውነተኛው መንገድ ይሄን ይመስላል። ልጅቷ ለትልቁ ዲቪዚዮን ብቁ መሆኗን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (NCAA) ራሱ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያውም በቀጥታ ለእነሱ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ይቆጥራሉ፤ አማካይ ውጤቷ በእነሱ አቆጣጠር ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የውጤት ወረቀት ሁሉ ይሰብስቡላት፤ ማህተሙ በግልጽ የሚታይ ይሁን። ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ ትዌንቲ የሚባለውን ቅጽ የሚልከው የተቀበላት ኮሌጅ ብቻ ነው። ደላላ አይልከውም፤ መላክም አይችልም። ሰውየውን አንድ ነገር ይጠይቁት። "የትኛው ኮሌጅ ነው? የአሰልጣኙን ኢሜይል ስጠኝ፤ ልጄ በኮሌጁ አድራሻ ትጻፍለት" ይበሉት። መልስ ካጣ ጉዳዩ አልቋል።

ልጅቷ ራሷ ግን ዝም ብላ አትጠብቅ። ሁለት ሙሉ ጨዋታ በስልክ ቅረጹላት። የገባላትን ብቻ የቆራረጠ ቪዲዮ አይሁን፤ ስትከላከልም፣ ስትሳሳትም ይታይ። አሰልጣኝ ማየት የሚፈልገው ከሳተች በኋላ ወደ ኋላ ትሮጣለች ወይ የሚለውን ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጆቹንም አትናቅ። ከላይ ያወራሁት ልጅ በዚያ በር ነው የገባው።

ጥያቄ፦

ቲቸር፣ 9ኛ ክፍል ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። ልጆቹ "አንቺ አጭር ነሽ፤ ፎርዋርድ አትሆኚም" ይሉኛል። እውነት ነው?

ተማሪ፣ ከአራዳ

መልስ፦

የእኔ ልጅ፣ በእኛ ከተማ የሴቶች ቡድን ውስጥ በ1 ሜትር ከ68 ፎርዋርድ ሆነው የተጫወቱ ብዙ ልጆች አሰልጥኛለሁ። ቦታው የሚወሰነው አጠገብሽ ማን እንደቆመ ነው። ትልቅ ስትሆኚ ምናልባት ኳስ ይዞ ጨዋታ ወደሚመራው ወደ ጋርድ ቦታ ትሄጃለሽ፤ ያኔ ፎርዋርድ ሆነሽ የተማርሽው ሪባውንድ፣ ሳትገባ የተመለሰችውን ኳስ መያዝ ማለት ነው፣ ይጠቅምሻል።

እስከዚያ አንድ ነገር ተለማመጂ። ኳሷ ስትወረወር ወደ ላይ አታንጋጪ። መጀመሪያ ተጋጣሚሽን በጀርባሽ ያዣት፤ ወገብሽን ዝቅ አድርጊ፤ ክንድሽን ሳትገፊ ዘርጊ። ከዚያ ብቻ ኳሷን ፈልጊ። ከአንቺ በአንድ ክንድ የምትረዝም ልጅ ጀርባሽ ላይ ቆማ ምንም ማድረግ አትችልም። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ያለ ኳስም ቢሆን፣ ከእህትሽ ጋር ግቢ ውስጥ ሞክሪው። በወር ውስጥ ለውጡን ካላየሽ እንደገና ጻፊልኝ፤ እግርሽን እንዴት እንደምታቆሚ ጨምረሽ ንገሪኝ።